የበቆሎው ኮላ

እሑድ 8/3/2015፣ ከሥራ መልስ

እግሬ አብጧል። የመዋለ ሕፃናቱ ወጥ ቤት ዛሬ እሳት ነበር። ሾርባ፣ ሩዝ፣ ደግሞ ሾርባ። አውቶቡሱም ዘገየ። ቤት ስገባ ግን ድካሜን የሚያስረሳ ነገር ጠበቀኝ። አንቺ ደብተር፣ ስሚኝማ!

ዳንኤል ከአሜሪካ ወደዚህ ወደ እስራኤል ተመልሷል። የልጄ የራሔል ዳንኤል፣ ሊያገባት የሚፈልገው። ወላጆቹን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ሰው ከአሜሪካ ሲመጣ ሽቶ ያመጣል፣ ሹራብ ያመጣል። እሱ ያመጣው ኮላ ነው! ጣሳ በጣሳ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ። ሱፐርማርኬት ወርዶ የሚገዛውን ነገር ባሕር አሻግሮ! ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ራሔል አስረዳችን። የዚህ አገሩ በስኳር ነው የሚሠራው፣ የእነሱ በበቆሎ ሽሮፕ። ጣዕማቸው ለየቅል ነው አለች። ዳንኤል ያደገው በዚያኛው ነው፤ ባለቤቴ አዱኛ እንዲቀምስለት ፈልጓል።

አዱኛ «ሽሮፕ» የሚለውን ሲሰማ የሳል መድኃኒት መሰለው። አመመኝ አልኩ እንዴ? ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ልጁ ጣሳዎቹን ፍሪጅ ውስጥ ደርድሮ ሄደ። አንጀቴን በላው።

ማክሰኞ 10/3

አዱኛ ልጁን እስካሁን በስሙ አልጠራውም። «ያ ፈረንጅ» ነው የሚለው። ክፉ ሆኖ አይደለም። በእኛ ደንብ ሴት ልጅ የምትጠየቀው በሽማግሌ ነው፤ ዳንኤል ደግሞ እዚህ አገር ዘመድ የለውም። ሰባት ቤትም ይቆጠራል፣ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ። ልጁ ከአያቱ አባት ወዲያ አያውቅም። አንተ የጎንደር ገበሬ ልጅ፣ ከዚህ ልጅ ጋር በየት በኩል ነው የምትዛመደው? አልኩት። ደንብ ደንብ ነው አለኝ።

ሌላም ጣጣ አለ። ዳንኤል አማርኛ የለመደው እኔና ራሔል ስናወራ እየሰማ ነው። ስለዚህ ለእሱ ሰው ሁሉ ሴት ነው! ትናንት ማታ ገብቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ደህና አመሸሽ?» አላለውም! የአዱኛ ፊት ጠቆረ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ፎጣውን ነክሼ ሳቅሁ። ራሔል ታርመዋለች፤ ሲፈራ ይጠፋበታል።

ረቡዕ 11/3፣ ጠዋት

የአዱኛን ተንኮል ደረስኩበት። ስኳር አለበት፤ የክሊኒኩ ነርስ ለስላሳ በአፍህ እንዳይዞር ብላዋለች። እሱ ደግሞ ኮላ ነፍሱ ነው። አሁን ማስረጃ አገኘሁ ይላል። የአሜሪካው ከበቆሎ ከሆነ ስኳር አይደለማ። እሷ የከለከለችኝ ስኳር ነው፣ የባሕር ማሽላ አልከለከለችኝም! በቆሎን እንዲህ ነው የሚጠራው።

ጣሳዎቹን ከጥቅል ጎመኑ ጀርባ ደበቅኳቸው።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶታል። ልጅ ሳለ ማሳ ውስጥ ጥንቅሽ ሲያኝክ ይውል ነበር። ጣፋጩ በአገዳው ውስጥ ነው፤ እሱ ይገባኛል ይላል። ከፍሬው እንዴት አድርገው ያወጡታል? ልጁን ጠይቀው አልኩት። ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ዓርብ 13/3፣ ሻባት ሳይገባ

ቶሎ ልጻፍ፣ የሰንበት ሻማው ሳይበራ።

ዛሬ ፈተና ተደረገ! ሐሳቡ የራሔል ነው። ከታች ካለው ሱቅ የእኛን ኮላ ገዛች፤ የአሜሪካውን ከጎመኑ ጀርባ አወጣች። ወጥ ቤት ውስጥ በስኒ በስኒ ቀዳች፣ ከስኒዎቹ ሥር ምልክት አድርጋ። ለአዱኛ ጉንጭ የምታርስ ያህል ብቻ፤ እኔ ነኝ የተቆጣጠርኩት።

አዱኛ ገና ምላሴን ሲነካው አውቀዋለሁ አለ። ዳንኤልም ዓይኔን ጨፍኜ የቤቴን አገኘዋለሁ አለ።

አዱኛ ቀመሰ። አጣጣመ፣ እንደ ጠላ ቀማሽ። ይሄ ነው ንጹሕ ስኳር፣ ያኛው መድኃኒት ነው ብሎ ፈረደ። ዳንኤል ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ በራ፣ ሊያለቅስም መሰለኝ። ይሄ የእናቴ ቤት ነው አለ።

ራሔል ስኒዎቹን ገለበጠች።

አዱኛ ያሞገሰው የበቆሎውን ነው። ዳንኤል የናፈቀው የሰፈራችንን፣ የኪርያት ኖርዳውን ሱቅ ኮላ ነው! አዱኛ ጭኑን እየመታ ሳቀ። ዳንኤል ከወንበሩ ሊወድቅ። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ተያይተው ሲስቁ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። እኔም ቀመስኩ። የአሜሪካው ለስለስ ይላል፣ ጣፋጩ ግን ምላስ ላይ ይዘገያል። የእኛው ፈጠን ብሎ ይመጣል፣ ፈጠን ብሎ ይሄዳል። ማንኛው የማን እንደሆነ ግን፣ ሳይነግሩኝ ቢጠይቁኝ፣ እንጃ።

ከዚያ አዱኛ እጁን ወደ ቀሪው ጣሳ ሰደደ። በቆሎ እኮ ነው እያለ። አፌን ልከፍት ስል ዳንኤል ቀደመኝ። መዳፉን ጣሳው ላይ አኖረ። ፊቱ ቲማቲም።

«አይሆንም፣ ጋሼ። ይሄም ያው ስኳር ነው። አትጠጪ።»

ራሔል ፊቷን ሸፈነች።

«አትጠጪ?» አለ አዱኛ።

«አትጠጪ» አለ ልጁ። እጁ ከጣሳው አልተነሣም።

አዱኛ ጣሳውን ለቀቀ።

«እሺ፣ አልጠጣም። ግን ወንድ ነኝ።»

አምላኬ! እንዲህ ስቄ አላውቅም። ከዚያ አዱኛ ወንበሩን አስጠጋና ያንን የከነከነውን ጠየቀ፣ ከፍሬው እንዴት ይወጣል ብሎ። ዳንኤል በእጁም በዕብራይስጥም አስረዳው፣ ራሔል እየተረጎመች። እስካሁን ሳሎን ናቸው። ሻማዬን ላብራ።

እሑድ 15/3

አዱኛ ዛሬ ለሥራ ሲለብስ ሳልጠይቀው ተናገረ። ሠርግ በሄድኩ ቁጥር የገዛ ወንድሞቼ ብርጭቆዬን ይሞሉልኛል አለ። ይሄ ልጅ ቢቀዳልኝ ኖሮ እወደው ነበር፤ ያንንም ያውቃል። እያወቀ ዳንኤል ከለከለኝ። ዳንኤል አለው፣ በስሙ!

ስልክ አነሣ። ዶራ ሰፈር ለሚኖሩት ታላቅ ዘመዱ ለአያ ፈረደ ደወለ። አያ፣ ሁለት ሰው ይያዙና ለዳንኤል ሽማግሌ ሆነው ይምጡልኝ አላቸው። ወዴት ነው የምትልከኝ አሉት። ወደ ቤቴ። የእሳቸው ሳቅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። አንተ ሰውዬ፣ በራስህ ላይ ሽማግሌ ትልካለህ? እልካለሁ አለ። ሰባት ቤቱስ ቢሉት፣ የዳንኤል እናትና አባት ለፔሳህ፣ ለፋሲካችን፣ ሲመጡ እነሱን እንጠይቃለን አለ።

ራሔል አሁን ዳንኤልን እያሠለጠነች ነው። አንቱታ ብቻ ተናገር፣ አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም አለችው። እንዴት እስካሁን ሳናስበው ቀረን!

ረቡዕ 18/3፣ ከሥራ መልስ

ነገ ማታ ይመጣሉ። ቤቱን አጥቤ ጨርሻለሁ። ዶሮው በየብልቱ ተገነጣጥሏል፣ ለወጥ።

ቅድም ራሔል በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ዳንኤል ፈርቷል። ሽማግሌዎቹ የአንቺ አባት ዘመዶች ናቸው፤ ከእኔ ወገን ማን ይቆማል? ብሏታል። እናቱ የምትደርሰው ለፔሳህ ነው።

ሽንኩርቱን እየላጥኩ አሰብኩበት። እኔም የሰው አገር ገብቼ ባይተዋር ሆኜ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ፤ ያኔ ከጎኔ የምትቆም አንዲት ሴት ብትኖር ምን ነበር!

ለአዱኛ ነገርኩት። የልጅቷ እናት ከልጁ ወገን! ተሰምቶ አይታወቅም! ከእኔ ጎን ማን ሊቀመጥ ነው? ብሎ ጮኸ። አያ ፈረደም በስልክ ደንብ የለውም አሉ። ይበሉ።

ቀሚሴን ተኩሼ ሰቅያለሁ። ነገ ወጡን ለራሔል ትቼ በደረጃው እወርዳለሁ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመልሼ እወጣና፣ ከዳንኤል ጎን ቆሜ የገዛ ቤቴን በር አንኳኳለሁ።