ቀይ ኩሽኔታ

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባራ። የዓይን ጠብታዬን አደረግሁ፣ ቲማቲሞቹን ደግፌ አሰርሁ። አንዱ አብቧል።

ረፋድ ላይ የልጅ ልጄ ናዝራዊት መጣች። ገና ወደ ሰፈራችን ሳትታጠፍ መኪናዋን ሰማሁ... ፍጥነት ሲጨምር የሚያይል፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅ። ይህች ቀይ የስፖርት መኪና በዕድሜ ከእርሷ ትበልጣለች። ሁለት ወንበር ብቻ፤ ቁጭ ሲሉባት መሬት ላይ የተቀመጡ ይመስላል። ናዝራዊት ግን እንደ ሰው ትወዳታለች።

የፊት ጎማ ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት፣ አልቋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በሙያ ትምህርት ቤት ያስተማርሁት ነው፤ ጆሮዬ አይስተውም።

ልጄ ስመኝ በሌላ በኩል አየችው። ናዝራዊት ሰኔ 30 ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ሥራ ትጀምራለች። በዚህ ጩኸት ከሰፈራችን ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥታ ቤልትዌይ የሚሉት የፍጥነት መንገድ ላይ አትወጣም አለች። ከፌርፋክስ ገዥ አግኝታለች፤ ሰኔ 22 ይመጣል። እስከዚያ ድምፁ ከጠፋ መኪናዋ ትቀራለች፤ ካልጠፋ ትሸጣለች። ኢንሹራንሱ በእናት ስም ነው፤ ልጅቱ ምን ትበል?

"እኔ እሠራዋለሁ" አልሁ።

ስመኝ እጆቼን አየች። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ለናዝራዊት ደወልሁ። አራት ኩሽኔታ እንድታዝዝ ነገርኋት፤ ለእያንዳንዱ የፊት ጎማ ሁለት። "ኦኬ አባባ፣ አሁኑኑ ኦርደር አደርጋለሁ" አለች። ታዛዥ ልጅ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ዕቃው በእኔ ስም መጣ። ካርቶኑ ትልቅ ነው፤ ሳነሣው ግን እንደ ጥጥ ቀለለኝ። የብረት ዕቃ እንዴት ይቀላል? ከፈትሁት።

አራት ቀይ የወንበር ትራስ። ከፋይ፣ ዳር ዳሩ በክር የተሸለመ።

ስመኝ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ደወልሁ።

"ምንድን ነው የላክሽልኝ?"

"ኩሽን ብለሃል እኮ፣ አባባ። ከመኪናው ከለር ጋር ማች እንዲያደርግ ቀይ መረጥኩ።"

"ብለሃል አይባልም፤ ብለዋል ነው" አልኋት። ሌላም ጨመርሁ። የሚሠራበትን ዕቃ ስም የማያውቅ ሰው መኪና መያዝ አይገባውም አልሁ። ቀስ ብላ "ሶሪ" አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

አልደወለችም።

ለወዳጄ ለልሳነወርቅ ነገሩን እንደ ቀልድ አጫወትሁት። በወጣትነቱ ከጣልያኖች ጋር ሠርቷል፤ ቋንቋቸውን ያውቃል። አብሮኝ የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ሳቀም፤ ግን በእኔ።

"ገብረየስ፣ ኩሽኔታ እኮ በጣልያንኛ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ልጅቱ ምን አጠፋች?"

ትንሽ ትራስ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ ጻፍሁት። ትርጉሙን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እኛ ስንማር መጠየቅ ድፍረት ነበር፤ መምህር ያለውን መድገም ነው እንጂ። እኔም የሚጠይቀኝን ተማሪ በአንድ እግሩ አቆም ነበር...

ልንገራት? እንዴት ብዬ?

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ናዝራዊት መጣች። አኩርፋ የምትቀር መስሎኝ ነበር። ትክክለኛውን ዕቃ ከመደብር ገዝታ፣ አሮጌ ሱሪ ለብሳ መጣች። ስለ ትራሱ አላነሣሁም። እርሷም አላነሣችም።

መኪናዋን በክሪክ አንሥተን በብረት ድጋፍ ላይ አቆምናት። ያረጁትን ቀለበቶች በመዶሻ መትቼ አወጣሁ፤ ትከሻዬ አልከዳኝም። አዲሱን ኩሽኔታ መዳፍ ላይ በተደረገ የግራሶ ቅባት እንዴት እንደሚያጠግቡት አሳየኋት። ጥፍሯ ቀለም የተቀባ፣ እጇ እስከ አንጓው ግራሶ። ደስ ትላለች። መጨረሻ ላይ ኩሽኔታውን የሚይዘውን ዳዶ ራሴ አጠበቅሁት። ይህ የመምህር ሥራ ነው።

ነዳናት። ጸጥ! ከመስኮቱ ስር ስናልፍ ስመኝን ቀና ብዬ አየኋት።

ስንመለስ ናዝራዊት የጎማውን መሐል ዳሰሰች። "አባባ፣ ይሄ ሆት ነው።" የፍሬን ሙቀት ነው አልኋት። "ቀኙ ግን ቀዝቃዛ ነው" አለች።

ግራውን ከልክ በላይ አጥብቄዋለሁ። በዚሁ ጥፋት ስንቱን ተማሪ አንበርክኬአለሁ! ኩሽኔታ ለትንፋሽ የምታህል ላላ ያለች ቦታ ካላገኘ ይቃጠላል። ያችን ቦታ የሚያውቃት ጣት ነው።

እዚህ ላይ ልጻፈው። የጣቶቼ ጫፍ ከደነዘዘ ዓመት አልፎታል። ለማንም አልተናገርሁም።

ዳዶውን አላልቼ ሳምንት እንጨርሰዋለን አልኋት። ለምን ዛሬ አይሆንም ብላ አልጠየቀችኝም።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ሸሚዜን ስቆልፍ ስመኝ መጥታ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈችልኝ። ታውቃለች ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ?

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ነገ ገዥው ይመጣል።

ናዝራዊት ጎማውን ፈታች። ኩሽኔታው ቀለሙን አልለወጠም፤ ተርፏል። መፍቻውን ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። አልተቀበልኋትም።

"ጣቴ አይሰማኝም" አልኋት። "አንቺ አጥብቂው።"

አየችኝ። ታዝንልኛለች ብዬ ፈራሁ። "እሺ። እንዴት እንደሆነ ንገረኝ" አለች።

ነገርኋት። ጎማውን እያዞርሽ አጥብቂ፣ ከዚያ መልሺ፣ ከዚያ በጣትሽ ብቻ። ጠብቂ... እጅሽ ይነግርሻል። ሁለት ጊዜ አበላሸች። በሦስተኛው ቆመች።

"አሁን ነው፣ አባባ?"

"እኔን አትጠይቂኝ።"

ጎማውን ከላይና ከታች ይዛ ወዘወዘች። ዓይኗን ጨፈነች። "አሁን ነው" አለች።

ነድተን ስንመለስ ግራውም ቀኙም እኩል ቀዝቃዛ ነበር።

እጃችንን ስንታጠብ ስለ ቃሉ ነገርኋት። ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ ትክክል ነበርሽ፣ እኔ ነኝ ያላወቅሁት አልሁ። ይህን ለመናገር ስምንት ቀን ፈጀብኝ። እንባዋ እስኪወጣ ሳቀች።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ስመኝ መኪናዋን ራሷ ነድታ ሰፈሩን ዞረች። ከዚያ ፌርፋክስ ደውላ "ይቅርታ፣ አይሸጥም" አለች። ምሳ ላይ ትልቁን ሥጋ ወደ እኔ ገፋችው።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ናዝራዊት የተከራየችውን ክፍል ልታሳየኝ አሌክሳንድሪያ ወሰደችኝ። ወንበሩ ዝቅ ብሎብኝ ወገቤ ይያዛል ብዬ ሳመነታ ከኋላ አንዱን ቀይ ትራስ አውጥታ አነጠፈችልኝ።

ድልድዩን ስንሻገር ወንዙ ከግራም ከቀኝም ያበራል። ጆሮዬን ወደ ጎማው ጣልሁ። ነፋስ ብቻ።

"ኩሽኔታው ተመቸህ፣ አባባ?"

የትኛው ብዬ አልጠየቅሁም። "ተመቸህ" ማለቷንም አላረምሁም።

"ተመችቶኛል" አልኋት። "ትንሽ ፍጠኚ።"