እናትህን ያመጣችው መኪና

የኔ አያሌው፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንደምን ነህ ብልህ መልሱ አይደርሰኝም፤ እኛ ግን ደህና ነን። እኔ አሁንም አስተምራለሁ፤ ልጃችን ትርሲት ተመርቃ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሥራ ይዛለች። ዛሬ የምጽፍልህ፣ ብትኖር ኖሮ ሦስት ቀን ሙሉ የምትከራከረኝ ወሬ ስላለኝ ነው። መኪና ገዛን፤ በኤሌክትሪክ የምትሄድ።

አትቆጣ። አሮጌዋን አውቶሞቢልህን የሸጥኳት ወድጄ አይደለም። መለዋወጫዋ ጠፋ፣ ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን መሰለፍ ሆነ። ከግቢ ስትወጣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽህም።

ነገሩን ያስጀመሩት እናትህ ናቸው። እማማ ከቀብርህ ወዲህ ጉልበታቸው ከዳቸው። ለሙት ዓመትህ እንኳ መምጣት አልቻሉም፤ ሚኒባሱ ይጁቤ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ እስከ ቤታቸው ያለውን ድንጋያማ መንገድ ታውቀዋለህ። ባገኙት ሰው ሁሉ "የልጄን መቃብር ሳላይ እንዳልሞት" እያሉ ይልኩብኛል። ስለዚህ የምንገዛት መኪና ምንም ትሁን ምን፣ እማማን ከደጃቸው አንስታ አንተ ዘንድ ማድረስ ነበረባት።

እኔ የፈለግኩት አጭሯን፣ የቤት አውቶሞቢሏን ነበር። ትርሲት ደግሞ ከፍ ያለችውን። ሁለት ሳምንት ተኳረፍን ማለት ይቻላል። እኔ አጭሯ በአንድ ቻርጅ ርቃ ትሄዳለች እያልኩ ስሟገት ከረምኩ፤ እውነቱን ላንተ ልናገርና፣ ያንተን ስለምትመስል ነው። ደግሞስ አንተ ከፍ ያለ መኪና ባየህ ቁጥር "ይኼ ሰውዬ ሰላምታ የሚሰጠው ለቆርቆሮ ጣራ ነው" እያልክ ስትስቅ ኖረህ፣ እኔ በምን አፌ ልግዛ?

በመጨረሻ ሳንገዛ እንሞክር ተባባልን። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ አጭሯ አለቻት፤ በእሷ ወደ እማማ ሄድን። ከይጁቤ ብዙም ሳንርቅ ሆዷን ድንጋይ እየፋቃት ልቤን አወለቀችው። እማማ ገብተው ተቀመጡ፤ ከዚያ መነሳት አቃታቸው። ለሁለት ጎትተን ስናወጣቸው "ልጄ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ጉድጓድ?" አሉኝ። በሳምንቱ ትርሲት ከፍ ያለችውን ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ ተውሳ መጣች። ወንበሩ ከእማማ ወገብ ጋር ትክክል ነው፤ ዞር ብለው ቁጭ አሉ፣ ዞር ብለው ወረዱ። ደስ ብሏቸው ደገሙት። እንግዲያው ዛሬውኑ እንሂድ ብንላቸው ግን "የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ልጄ ዘንድ በውሰት አልሄድም" ብለው እምቢ አሉ። ክርክራችን እዚያው አለቀ። ትርሲት ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ያንተ ነው፣ ሲያናድድ።

መኪናዋን ከአዲስ አበባ ያመጣናት እኔና እሷ ነን። እዚህ ላይ ልትስቅብኝ ነው። የዓባይ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ፣ አንተ እንዳስተማርከኝ ማርሹን ነጻ አድርጌ ፍሬን እየያዝኩ ለቀቅኳት፤ ነዳጅ ልቆጥብ! ለካ እነዚህ መኪኖች በማርሽ ሲወርዱ ባትሪያቸውን ይሞላሉ። እኔ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በከንቱ አባክኜ፣ የደጀንን ዳገት ስንወጣ የባትሪው ቁጥር ዓይኔ እያየ አሽቆለቆለ። ደጀን ያደረሰን ጸሎት ነው። አንድ ሆቴል ግቢ ገብተን ከግድግዳ ሶኬት ሰክተን፣ ለማርቆስ የሚበቃን ያህል እስኪሞላ ግማሽ ቀን ተቀመጥን። ትርሲት "የአባዬ ትምህርት!" እያለች ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። አንተን አንስተን ሳናለቅስ የዋልንበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ባለፈው እሑድ እማማን አመጣናቸው። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ "ሞተሩን አታስነሺውም እንዴ?" አሉኝ፤ ድምፅ የላትማ። መቃብርህ ዘንድ ስንደርስ እንዳይወድቁብኝ ፈርቼ ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰሱና "ደረስኩ ልጄ" አሉህ። ሰምተህ ይሆናል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ከፌስታላቸው ነጭ ነጠላ አወጡ። ፈትሉ የገዛ እጃቸው ነው። ዓመት አልፎ እንኳ ያላወለቅኩትን ጥቁር ነጠላ ከራሴ ላይ ገፈው፣ ነጩን አለበሱኝ። "የልጄ ሐዘን ይበቃሻል። እናቱ እኔ ነኝ፤ እኔ ፈቀድኩልሽ" አሉኝ። አያሌው፣ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ እንደዚያም ቀሎኝ አያውቅም።

በየወሩ እናትህን ይዤ እመጣለሁ። በቅዳሴው ስምህን አስጠራለሁ፣ ለሚወለዱት የልጅህ ልጆችም ቀልድህን አወርሳለሁ። እስትንፋሴ እስካለች አልረሳህም። ይህን የምጽፍልህ ግን ነጩን ለብሼ ነው።

ሚስትህ