ሁለተኛው ቅጂ

ጉለሌ፣ ጥር 1982 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ጀዊሪያ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺም በእናትሽም ላይ ይሁን። ይህ ደብዳቤ ባቲ ሲደርስሽ፣ አጎቴ ሊገሥጸኝ ነው ብለሽ ሳትከፍቺው እንዳታቆዪው አደራ እልሻለሁ። የሚጽፍልሽ ሰው ከደረሰበት ድንጋጤ ገና አልተመለሰም።

እንደምታውቂው እኔ በወሎ ከሼሆች እግር ሥር ኪታብ ቀርቼ፣ ሃይማኖት ተምሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። የተማርሁት አንድ ቃል፣ አንድ ልብ፣ አንድ መንገድ ነው። ስለዚህ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ባለሙያ፣ በማተሚያ ቤታችን ባለችው በአንዲቷ ኮምፒውተር ላይ ያው የጽሕፈት ፕሮግራም ሁለት ቦታ ተጭኖ አገኘሁ ሲል ደሜ ፈላ። ዲስኩ ሞልቶ ሥራ የቆመው በዚህ ሰበብ ነው አለ። የጫንሽው አንቺ መሆንሽንም አልካድሽም።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ታረቀኝ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ «አሻጥር» የሚለውን ቃል አነሣ። ያ ቃል በዚህ ዘመን ሰውን የት እንደሚያደርስ የማያውቅ አልነበረም። ምክንያትሽን ሲጠይቅሽ፣ «የጫንሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልናገርም» አልሽ። እኔም ተነሣሁ። አላህ ይዘንለትና ወንድሜ ሸፊ በሞቱ ዋዜማ አደራ ያለኝን አንቺን ልጁን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ንጹሕ ሰው ለአንድ ሥራ ሁለት ዕቃ አይደብቅም» አልሁሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ያንን አስተያየት እፍረት ነው ብዬ ተረጐምሁት።

አንቺ ውሳኔ እስኪሰጥ ከሥራ ታግደሽ ወደ እናትሽ ሄድሽ። ባለሙያው ሁለተኛውን ቅጂ አጠፋው።

በማግሥቱ እንደ አራሚነቴ ረቂቅ ላርም ከማሽኗ ፊት ተቀመጥሁ። በጽሕፈቱ በአንቺ ቦታ የተተካችው ባልደረባሽ ገበያነሽ ፕሮግራሙን ከፈተችልኝ። ጀዊሪያ፣ በስክሪኑ ላይ ፊደል አልነበረም፤ የጉንዳን ሰልፍ ነበር። ባለሙያው ማሽኗን አበላሽቶ ሄደ ብዬ ተቆጣሁ። ገበያነሽ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረችና፣

«ኧረ ጋሼ አብዱልሰላም፣ የእኛ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው» አለችኝ። «ትልቁ የእርስዎ ብቻ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እየፈራች ነገረችኝ። ፕሮግራሙ የሚቀበለው አንድ የፊደል መጠን ብቻ ስለሆነ፣ ለእኔ ቢያጐሉት የሌሎቹ ገጽ ይፋለስ ነበር። ስለዚህ አንዱን ለእነርሱ፣ አንዱን ለእኔ ጫንሽ። ጠዋት እኔ ሳልገባ የእኔን ትከፍቻለሽ፤ ስወጣ የእነርሱን ትመልሻለሽ። ገበያነሽንም፣ «ዓይናቸው መድከሙ ከታወቀ ጡረታ ያወጧቸዋል» ብለሽ አስምለሻት ኖሯል።

እኔ እኮ ከዙህር ሶላት በኋላ ለጀመዓው፣ አብረውኝ ለሚሰግዱት፣ ዓይኔን ከሐራም ስለጠበቅሁ ብርሃኑ ተመለሰልኝ እያልሁ ስመክር ከርሜ ነበር። ማሽኗ ሳትመጣ በፊትም ረቂቁን ጮክ ብለሽ እንድታነቢልኝ ሳዝዝሽ፣ «ዓይን ያለፈውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋል» እልሽ ነበር። ያመንሽኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ከቀጨኔ ቁልቁል አብረን ስንወርድ አንድም ቀን መኪና በሚያልፍበት ወገን አላስሄድሽኝም። ያንን እንኳ አላየሁም።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ዝምታሽ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ብትናገሪ ነፃ ትወጪ ነበር። እኔ ቆሜ ስወቅስሽም ያቺን ዐረፍተ ነገር ዋጥሻት። ስንት ዓመት ስለ አማና፣ ስለ አደራ ጠባቂነት ያስተማርሁ ሰው፣ አማና ምን እንደሚመስል ፊት ለፊቴ ቆሞ አላወቅሁትም።

ወደ ጓድ ታረቀኝ ገብቼ ሁሉንም ነገርሁት። ብዕሩን አስቀመጠና፣

«ሼህ፣ ይህን ካስመዘገብሁ ነገ አራሚ አይደሉም» አለኝ።

«ዛሬም አይደለሁም» አልሁት።

በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት እንድናገር ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልኝ። ስለ ዓይኔም ስለ አንቺም ሳልቀንስ ተናገርሁ። ከኋላ አንዱ፣ «እንግዲያውስ ባለፈው ዓመት የታተመውን ሁሉ ያረመው ኮምፒውተሩ ነዋ» ብሎ አሳቃቸው። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ እገሥጸው ነበር። አሁን ግን፣ «ኮምፒውተሩ አይደለም፤ ጀዊሪያ ናት» አልሁት።

እገዳሽ ተነሥቷል፤ ወደ ሥራ የሚጠራሽ ወረቀትም ይደርስሻል። እኔም የጡረታ ወረቀቴ ቀርቦልኛል። የምፈርምበትን መስመር አላየሁትም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «እባክህ ጣትህን አስቀምጥልኝ» ብዬ ጸሐፊውን ለመንሁት። አስቀመጠልኝ። ሰማይ አልተደረመሰም።

ስትመጪ የአውቶቡሱን ቀን ላኪልኝ። መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ እኔ ስለማልለይሽ ግን አንቺ ጥሪኝ። ወደ ቤት ስንሄድ እንደ ልማድሽ በመኪናው ወገን ሁኚ። ከእንግዲህ ግን ክንድሽን እይዛለሁ።

ይቅርታሽን የሚጠብቅ አጎትሽ፣
አብዱልሰላም