አሥራ አንድ እጥፋት መዳብ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ሙቀት። ገና በጠዋቱ ሱቁ ምድጃ ሆኗል። ሁለት ፍሪጅ ጨረስሁ፤ አንዱ ጋዝ ብቻ ነው ያነሰው፣ አንዱ ኮምፕሬሰሩ የሞተ። ከሰዓት የዓሣ ሻጮቹ ማቀዝቀዣ መጣ። ቱቦው በቢላ ተወግቷል። በረዶውን በቢላ አትፈልፍሉ ብዬ ስንቴ ነገርሁ? በየድሁት፣ ጋዝ ሞላሁት፣ ሄደ።

ምሳ ላይ ወንድሜ መስዑድ ተናገረው፣ እንደ ዋዛ። ከአጎታችን ጋር ጀልባ ላይ ሊሠራ ነው። ሱቁን ግንቦት ሲያልቅ ለስልክ ነጋዴ ይለቃል።

"እኔስ?" አልሁት።

"ከእኛ ጋር ነይ። ትኬት ትቆርጫለሽ።"

"ሱቁን እኔ ልያዘው።"

"ኢልሃም፣ ሰው የሚመጣው እኔን ብሎ ነው። እጅሽ ጥሩ ነው፣ አልካድሁም። ግን ሴት ብቻዋን ፍሪጅ ስትጠግን... ማን ይመጣል?"

ዘጠኝ ዓመት ከጎኑ ስበይድ የኖርሁት እኔ። ማን ይመጣል?! ሩዜን ጨርሼ ተነሣሁ።

ልንዘጋ ስንል አንዲት ሴት መጣች። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ በእኔ ዕድሜ። መስዑድ "ምን ልታዘዝ?" አላት። "ኢልሃም የምትባለዋን ፈልጌ ነበር" አለች። ወላሂ፣ ደስ አለኝ! ርሆቦት ትባላለች። አምና የአከራይዋን ፍሪጅ ሠርቻለሁ። ዛሬ ያመጣት ግን ፍሪጅ አይደለም... ኮምፒዩተር ነው። በውኃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒዩተር።

መስዑድ ሳቀ። "ውኃና መብራት!" እኔ አልሳቅሁም። ነገ አየዋለሁ አልኋት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

የርሆቦትን ቤት አየሁ። አንድ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ሐይቁ። ግድግዳው ሁሉ የጉማሬ ሥዕል። ከጣና ወጥቶ ከተማ የገባ ጉማሬ፤ ባጃጅ ሊሳፈር ይታገላል። ለልጆች የምትሠራው ፊልም ነው፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ሁለት ዓመት ብቻዋን ሠርታዋለች። ለውድድር ግንቦት 4 መላክ አለበት። ሥዕሉን አንድ በአንድ አቀናብሮ የሚያወጣው ኮምፒዩተሩ ነው፣ ለቀናት ሳይጠፋ። እሱ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ይሠራል፣ ዘጠና ስድስት ዲግሪ ይደርሳል፣ ድርግም።

የውኃውን ዕቃ እኅቷ ከዱባይ ልካላታለች። ፓምፕ፣ ራዲያተር፣ ሙቀት የሚቀበሉ ሁለት የመዳብ ሳህኖች። የሚያገናኛቸው የፕላስቲክ ቱቦ ግን ሻንጣ ውስጥ ተሰባብሮ ደረሰ።

"በመዳብም ይሆናል ሲሉ አነበብኩ" አለች። "አንቺ ደግሞ መዳብ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ነገሩ እኮ ያው የእኛው ሥራ ነው፤ ሙቀቱን ከዚህ አንሥቶ እዚያ መጣል። ጋዙ በውኃ ተተካ እንጂ ምን ተለየ? የራዲያተሩን መመሪያ ወረቀት ሰጠችኝ። የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

"ይከብዳል?"

"ቀላል ነው" አልኋት። ገና ምኑንም ሳልለካ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ወንዶቹ ከጁምዓ እስኪመለሱ ሠፈሩ ጸጥ ይላል። ያኔ ጀመርሁ። ኮምፒዩተሩን ርሆቦት ጠዋት በባጃጅ አምጥታዋለች፣ ጎኑ ተከፍቶ።

አዲስ ጥቅል መዳብ ፈታሁ። ጠረጴዛው ላይ በጣውላ እያንከባለልሁ አቀናሁት። ሰፊውን እጥፋት ማጠፊያው ይሠራዋል። ጠባቡ ግን እምቢ አለ፤ ሁለት ቱቦ ጨፈለቀብኝ። ሦስተኛውን በእሳት አቅልቼ ውኃ ውስጥ ነከርሁት፤ ለሰለሰ። ከዚያ ከሐይቁ ዳር ደቃቅ አሸዋ አምጥቼ ሞላሁበት፣ ሁለቱን አፍ በእንጨት ደፈንሁ፣ ጉልበቴ ላይ ቀስ... ቀስ... ቀስ። ታጠፈ! አንድም የተጨማደደ ቦታ የለውም። ኮሌጅ ያስተማሩን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሠርቼው አላውቅም። እጅ ግን አይረሳም።

አሸዋውን አራግፌ ሦስቴ አጠብሁት። አንዲት ቅንጣት ብትቀር ፓምፑን ትበላዋለች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

አሥራ አንድ እጥፋት። አለቀ። የቱቦዎቹን ጫፍ ሞርጄ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ፤ ሹል ከቀረ የመገጣጠሚያውን ጎማ ይቆርጠዋል። ከዚያ በሎሚና በጨው አሸሁት። ያበራል! ለልክ ያህል ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሰካካሁት። ሦስቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን ሲወርዱ... እንደዚህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። የፍሪጅ ቱቦ ከኋላ ነው፤ ማን ያየዋል?

ርሆቦት አይታ አፏን በእጇ ያዘች። መስዑድም መጥቶ ቆሞ አየ። "ቆንጆ ነው" አለ። ከእሱ አፍ!

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ፈነዳ።

ያው ቀን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

አሁን ልጻፈው። ውኃ ከመሙላቴ በፊት የሚያፈስ እንዳይኖር ልፈትን አልሁ። እንደ ፍሪጅ። ቱቦዎቹንና ራዲያተሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አገጣጠምሁ። የናይትሮጅን ጋዙን ሲሊንደር ሰካሁ፣ ግፊቱን የሚለካውን ጌጅ እያየሁ ከፈትሁ። ሁለት ባር፣ ሦስት፣ አራት... የእኔ መዳብ ንቅንቅ አላለም። አምስት ላይ የራዲያተሩ ሆድ ተነፋና ጧ! ጎኑ ተተረተረ።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አነበብሁት። አሁን! "ከአንድ ባር በላይ አይሞከር" ይላል፣ ሁለተኛው መስመር ላይ። አምስት ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

መስዑድ የተተረተረውን አገላብጦ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከዱባይ ሲመጣ ተሰንጥቆ ነበር በያት። ቱቦው ሻንጣ ውስጥ ተሰብሮ የለ? ታምናለች።"

እውነቱን ነው፤ ታምናለች። እኔስ? በስሜ ጠርቶኝ የመጣ የመጀመሪያ ሥራ ነው። በውሸት ልጀምረው?

"ይኼ ከተወራ ሱቁንም እርሺው" አለኝ። ለክፋት አይደለም። አዝኖልኝ ነው።

ሰገድሁ። ነገ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ነገርኋት። በር ላይ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ። "ራዲያተሩን አፈነዳሁት። ወረቀቱን አላነበብሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ግድግዳው ላይ ጉማሬዋን ታያለች።

"ቀላል ነው ብለሽኝ ነበር።"

"ብዬሻለሁ።"

"ከዱባይ ሌላ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ነው። የቀረኝ አሥራ ሦስት ቀን ነው፣ ኢልሃም! ሁለት ዓመት ሠርቼ..." አልጨረሰችውም። መነጽሯን አወለቀች።

"ሁለት ቀን ስጪኝ።"

"በምን ልመንሽ?"

በምን? ... "ልዋሽሽ ብፈልግ ኖሮ አሁን ሻንጣውን ነበር የምትረግሚው" አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"እስከ ሐሙስ" አለች።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ትናንት ከርሆቦት ቤት ስመለስ ነው ያሰብሁት። ራዲያተር ምንድን ነው? ቀጫጭን ቱቦ፣ ስስ ቆርቆሮ፣ ነፋስ። መኪናስ የለውም? የፊቱ ትልቅ ነው፣ አይሆንም። ግን ሌላ ትንሽ አለ፤ በብርድ ጊዜ የመኪናውን ውስጥ የሚያሞቀው። በእኛ አገር ሙቀት ማን ማሞቂያ ያበራል? ሳይነካ ነው መኪናው የሚያረጅበት!

በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሐሙሲት ወረድሁ፣ ጋሽ ቢያዝን ዘንድ። ሠላሳ ዓመት ራዲያተር ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ግቢያቸው የወላለቀ መኪና ሙሉ ነው።

"ለምን ዓይነት መኪና ነው፣ ልጄ?"

"ለኮምፒዩተር ነው፣ ጋሼ።"

ብየዳቸውን አቁመው አዩኝ። "ኮምፒዩተርም ራዲያተር ያዘ?"

"ያዘ።"

"በይ እንግዲህ፣ ነይ።"

ካንድ አሮጌ ቶዮታ አብረን ፈታን። አቧራ፣ የአይጥ ጎጆ፣ ከዚያ ሥር የመጽሐፍ ያህል ራዲያተር። ጫፉን በሞረድ ፋቅ አደረጉት። ቢጫ።

"ናስና መዳብ ነው፤ ዕድለኛ ነሽ። አዲሶቹ አልሙኒየም ናቸው። አልሙኒየምና መዳብ አንድ ውኃ ከጠጡ ይበላላሉ።"

"ይኼን አላውቅም ነበር" አልኋቸው። ቃሉ ሲወጣ አልከበደኝም። ለምን ነበር የምፈራው?

"በስንት ግፊት ልፈትነው?"

ሳቁ። "በአፍሽ። ንፊና ባልዲ ውስጥ ድፈቂው።"

ነፋሁ። አንዲት አረፋ የለም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ራዲያተሩ የኮምፒዩተሩ ሣጥን ውስጥ አልገባም። ከኋላው በውጭ አሰርሁት፣ ሁለት ፋን ፊቱ ላይ። የተቀየረው ሁለት ቱቦ ብቻ ነው፤ አጠፍኋቸው፣ ገጠምሁ። ለባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውኃ ሞላሁ፣ ዝገት የሚከላከል ትንሽ የመኪና ኩላንት ጨምሬ። ከሥሩ ሶፍት አነጠፍሁ። ኮምፒዩተሩ ሳይበራ ፓምፑ ብቻውን አራት ሰዓት ዞረ። በየሩብ ሰዓቱ ሶፍቱን ዳሰስሁ። ደረቅ።

"አንቺ አብሪው" አለች ርሆቦት። ፊቷን አዞረች።

አበራሁት። ሥራውን አስጀመረችው። አርባ... ሃምሳ አንድ... ሃምሳ ስምንት... ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሁለት ላይ ቆመ። ሃያኛው ደቂቃ ደረሰ። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ርሆቦት ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ "ምሳ በልተሻል?" አለችኝ።

አልበላሁም ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ሶፍቱ ደረቅ። ስልሳ ሁለት።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ተላከ! ጠዋት ደውላ ጠራችኝ። ከመላኩ በፊት ሙሉውን አየሁት፤ ርሆቦት አጠገቤ ሆና ፊልሙን ትታ የእኔን ፊት ታያለች። ጉማሬው ባጃጁ ውስጥ ተቀርቅሮ ሹፌሩ ሒሳብ ሲጠይቀው... ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ልጆች ያዩታል።

እሑድ፣ ግንቦት 17

መስዑድ ከጀልባው ተመልሶ እግሩን እየታጠበ፣ ቀና ሳይል፦

"የስልክ ነጋዴውን አይሆንም አልሁት።"

"ለምን?"

"ከአከራዩ ጋር የሱቁን ውል በስምሽ አዛውረነዋል፣ ነገ ሄደሽ ፈርሚ።" ውኃውን ደፋ። "ወላሂ፣ እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። ስትነግሪያት አበቃልሽ ብዬ ነበር። ይኸው በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ደውሎ ኢልሃምን አለኝ። ሁሉንም የላከቻቸው ርሆቦት ናት።"

ፎጣውን አቀበልሁት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ብቻዬን የከፈትሁበት ሁለተኛ ቀን። ዝናብ ጀምሯል፤ አየሩ ቀለል አለ። ከጎንደር አንድ ሰው ደወለ፣ እሱም ኮምፒዩተሩን በመዳብ ይፈልጋል። መመሪያውን በስልክ ላክልኝ፣ ሳላነብ ዋጋም ቀንም አልነግርህም አልሁት።

ረፋድ ላይ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን የሚባሉ እናት ፍሪጅ አስጭነው ከመራዊ መጡ። አሮጌ ነው፣ ዓይነቱን አይቼው አላውቅም። እሳቸው ቆመው ያዩኛል።

"ይሠራል፣ ልጄ?"

"ገና አላውቅም፣ እማማ። ልክፈተውና ለክቼ እነግርዎታለሁ።"

"በይ እጠብቃለሁ" አሉ። ከዚያ በርጩማውን ስበው ተቀመጡ።