ቤቱ እስኪሟላ

ጥር 6
ሥራ ገብቼ ሻይዬን ሳልጠጣ በረደ። አለቃ አስጠርቶኝ አጃይል የሚባል አዲስ የሶፍትዌር አሠራር ልንጀምር ነው አለ። ቡድኑን የማስተባብረው ደግሞ እኔ ነኝ። ለምን እኔ? ዕቅድ ስለምወድ ነው አለ።

እውነት ነው፣ እወዳለሁ። ልጄን ድንቡሼን ከእማዬ ዘንድ የማመጣበትን ዕቅድ ስንቴ አወጣሁ። መጀመሪያ ሰፋ ያለ ቤት፣ ከዚያ አልጋ፣ ከዚያ ደህና ሞግዚት፣ ከዚያ ልጄ... አባቷ ጥሎን ከሄደ ወዲህ እማዬ ናት የምታሳድጋት። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን መንገድ።

ማታ ደወልኩ። ድንቡሼ ተኝታለች።

ጥር 9
ሥልጠና ጀመርን። አሠልጣኙ ሰውነቱ ሲባጎ፣ ድምፁ ነጎድጓድ። በየጠዋቱ ቆመን ነው የምንሰበሰበው፤ ከተቀመጥን ወሬ ይረዝማል ይላል። ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን ያዘህ... በቃ። ጎኔ የሚቀመጠው ፕሮግራመር፣ ዝምተኛው የምንለው፣ ተራው ሲደርስ "ያው ነው" ብሎ ወንበሩን ሳበ። ሳቅን። እኔም ምንም አልያዘኝም አልኩ።

አልያዘኝም?

ጥር 17
ደወልኩ። እማዬ ስልኩን ለድንቡሼ አቀበለቻት። ትንፋሿ ይሰማኛል።
"ማናት?"
"እናትሽ ናታ" አለች እማዬ ከጎኗ።
"አይደለችም። እናቴ አንቺ ነሽ።"
እማዬ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ከዘጋሁ በኋላ ሳህን አጠብኩ። የታጠበውን መልሼ አጠብኩ።

ጥር 24
ዛሬ ከአሠልጣኙ ጋር ተጋጨን። ለአንድ የአውቶቡስ ድርጅት የቲኬት መሸጫ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ደንበኛው መቼ ነው የሚያየው ሲለኝ፣ ሲያልቅ አልኩት። አይሆንም አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንድ መስመር ቲኬት ብቻ የሚሸጥ ነገር ሠርታችሁ አሳዩ። ያላለቀ ሥራ ማሳየት ያሳፍራል ብዬ ሞገትኩ። እስኪያልቅ የሚጠብቅ ደንበኛ የለም አለኝ። ተናደድኩ። ቤት እስክገባ ግን ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ...

የካቲት 8
አሳየን። ከድርጅቱ የመጣችው ሴትዮ ገና ስታየው፣ መስኮት ጋ ያላችሁት ወንበር መተላለፊያው ላይ ነው አለች። ከምሳ በፊት አስተካከልነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ ቢሆን ኖሮ? ጉድ ፈልቶ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ዝምተኛው ቀረ። ልጅሽን መቼ ነው የምታመጫት አለኝ። ቤቱ ሲሟላ አልኩት። ቦርሳውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"እኔም እንደዚያ ስል ነበር። አሁን ልጄ በቁመት በልጦኛል። እጄን ጨብጦ ነው ሰላም የሚለኝ... እንደ እንግዳ።"

ስንት ዓመት ጎኑ ተቀምጫለሁ፣ ልጅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

የካቲት 9
ለእማዬ ደወልኩ። ለጥቂት ቀን ይዘሻት ነይ፣ ከለመደችኝ ትቀራለች አልኳት። ምን ላይ ትተኛለች አለችኝ። ጎኔ። ማን ይይዝልሻል? ጎረቤቴ ግማሽ ቀን እይዝልሻለሁ ብላለች፤ ሌላውን እናያለን። እማዬ ቀስ ብላ "እሺ ልጄ"።

የካቲት 20
መጡ! መናኸሪያው ውስጥ ከሩቅ አየኋት። አድጋለች። ላቅፋት ስል ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። "እትዬ" አለችኝ። እትዬ!

እማዬ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች።

የካቲት 27
ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ የያዘኝ ልጄ ናት አልኩ። ከሰዓት በኋላ ከቤት ልሥራ። አለቃ ግንባሩን ቋጠረ። ዝምተኛው፣ የእሷን የከሰዓት ስብሰባ እኔ እይዛለሁ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ተፈቀደልኝ።

መጋቢት 4
እማዬ ትናንት ብቻዋን ተመለሰች። ድንቡሼ በሩ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች። የሠራሁላትን አልበላችም። ደግ አደረግሁ? ወይስ ለራሴ ብዬ...

አመሻሹ ላይ ለእማዬ ደወልንላት። ድንቡሼ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ "እማዬ ነይ" አለች። እንደ እኔው እማዬ ነው የምትላት። ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። ቆይታ፣ መስመሩ ነው ልጆቼ፣ አይሰማም አለች። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

ድንቡሼ ስልኩን መለሰችልኝ። ፊቴን ስታይ ቆየችና ጭኔ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። እትዬም አላለችኝ፣ እማዬም አላለችኝ። የሸሚዜን ቁልፍ ትነካካለች። እግሬ ደነዘዘ... አልተንቀሳቀስኩም።