እግሯ መሬት ስለማይደርስ ባለጉዳይ

ይድረስ ለተከበሩ ያለ አሳዳጊ የመጡ ስደተኛ ሕፃናት ጉዳይ ሰሚ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊና የአራተኛው ችሎት ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? በተለይ ወገብዎ? ባለፈው በችሎት አዲሱን ወንበርዎን ከሩቅ አይቼው፣ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ወደ ኋላም የሚለጠጥ፣ ከሥሩ የእግር ማሳረፊያ ያለው መሆኑን ስመለከት ስለ ጤናዎ የነበረኝ ስጋት ሁሉ ተወገደልኝ። ያቆይልዎ። ይህ ደብዳቤም የሚያወራው ስለ እግር ማሳረፊያ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከማንም በላይ እርስዎ ይረዱታል ብዬ አምናለሁ።

እኔ እናትና አባት ሳይከተሏቸው ለመጡ ዘጠና አራት ልጆች የምትቆም የአንዲት ጠበቃ ረዳት ነኝ። ሥራዬ ቅጽ መሙላት፣ ፋይል መጠረዝ፣ በኮሪደርዎ አግዳሚ ላይ ከልጆቹ ጋር ተራ መጠበቅና፣ በሥራ መዘርዝሬ ላይ ባይጻፍም፣ አፍንጫ መጥረግ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሦስት ማኅተም ያረፈበት ማስጠንቀቂያ ከጽሕፈት ቤትዎ ደርሶኛል። «ያልተመዘገበ የቤት ዕቃ ወደ ችሎት ለማስገባት ሙከራ ማድረግዎ» ይልና፣ ድርጊቱ ቢደገም የመግቢያ ፈቃዴ እንደሚሰረዝ ያስታውቃል። ቀደም ሲል የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ፖስታ መክፈት አድካሚ ሆኖብዎ ይሆናል ብዬ ይህኛውን ያለ ፖስታ፣ ሰው ሁሉ እያየው ልኬዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ባለጉዳዮች ወንበር ላመሰግንዎ። በአራተኛው ችሎት ያለው ወንበር ለትልቅ ሰው የተሠራ ሲሆን በአራት ብሎን ከወለሉ ጋር ታስሯል። ለምን ብዬ የጥገና ሠራተኛውን ብጠይቀው እንዳይሰረቅ ነው አለኝ። ልጆች በሚዳኙበት ቤት ልጅ የሚያስቀምጥ ወንበር አለመኖሩን ሳይሆን፣ የሌባውን ነገር ቀድሞ ያሰበ ጽሕፈት ቤት ሊመሰገን ይገባዋል። እኔ የማወራላት ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ለክቼዋለሁ።

ልጅቷ የመጣችው አክስቷን ብላ ነው። የእናቷ ታናሽ፣ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ የምታጥብ፣ በቀጠሮ ቀን ሁሉ ፈረቃዋን ለሰው ሰጥታ ከበርዎ ውጭ የምትቆም ሴት ናት። እርስዎ ከፈቀዱ ልጅቷ አክስቷ ዘንድ ታድጋለች። ካልፈቀዱ ወደመጣችበት ትመለሳለች፤ እዚያ ደግሞ የሚጠብቃት ሰው የለም።

፪. ስለ ዝምታዋ። በመጀመሪያው ቀጠሮ አሥራ አራት ጥያቄ ጠየቋት፤ አንዱንም አልመለሰችም። እኔ በችሎቱ ወለል ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ወዲያ እንዳላልፍ ስለተከለከልኩ የማየው ጀርባዋንና የወንበሩን ጠርዝ ጭምድድ አድርገው የያዙ ጣቶቿን ብቻ ነበር። መዝገቡ «ባለጉዳይዋ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለችም» ይላል። በሁለተኛውም ቀጠሮ እንደዚያው ሆነ። ጸሐፊዎ የፊተኛውን ገጽ እንዳለ ከመገልበጡ የተነሣ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ቀን እንኳ አልቀየረውም፤ እጁ ይባረክ። በደንባችሁ መሠረት ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ ዝም ካለች ጥያቄዋን እንደተወች ተቆጥሮ መዝገቡ ይዘጋል። ዝምታ ወርቅ ነው እየተባልን ያደግን ሰዎች ዝምታ ፊርማ የሚሆንበትን ቤት በማየታችን ብዙ ተምረናል።

ክቡር ሆይ፣ ይህች ልጅ ዝምተኛ አይደለችም። እኛ ቢሮ ስትመጣ ይሞቃል ብላ ጀርባዋን ለፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሰጥታ ወለሉ ላይ ትቀመጥና ወሬ ትጀምራለች፤ ጠበቃችን በሯን የምትዘጋው ከእሷ ሸሽታ ነው። እኔን ለምን እንዳላገባሁ ጠይቃኝ፣ መልሴን ከሰማች በኋላ፣ ፀጉሬን ወደ ኋላ ባስይዘው ነገሩ ሊሻሻል እንደሚችል መክራኛለች።

፫. ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ እርሳስ አብረን ስንቀርጽ፣ እዚያ ስትገቢ ምን ያዘሽ አልኳት። ቀና ሳትል «እግሬ ሲንጠለጠል መኪናው ላይ ያለሁ ይመስለኛል» አለችኝ። መኪናው የጭነት መኪና ነው። ልጆቹን ከጭነቱ በላይ ዳር ላይ፣ እግራቸውን ወደ ውጭ አንጠልጥለው አስቀምጠዋቸዋል። የሾፌሩ ረዳት የተኛ ይወድቃል፣ ለማንም አንቆምም ብሏቸዋል። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት እንደዚያ ሄደዋል። ከጎኗ የነበረች ትልቅ ልጅ እጇን ይዛት ነበር። በኋላ አልያዘቻትም። ልጅቷ ያኔም አልጮኸችም፤ «ብጮኽ እኔም የምወድቅ መሰለኝ» ነው ያለችኝ። እርሳሱን መቅረጼን ቀጠልኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። የሕግ ሰው አያለቅስም ይባላል፤ እኔ ግን አልቅሻለሁና ይመዝገብልኝ።

የእርስዎ ዘጠነኛ ጥያቄ «በጉዞ ላይ ያጋጠመሽን ዘርዝሪ» የሚል ነው። መልሱ አላት። የጎደላት ከእግሯ ሥር መሬት ነው።

፬. አባቴ ጡረታ የወጣ አናጺ ነው። በርጩማ ሥራልኝ ብለው ለስንት ሰው ነው አለኝ። ለሁለት እግር ነው ብዬ ነገሩን ስነግረው ተነሥቶ ወጣ፤ ማታውኑ ካሮጌ በር ላይ በፈታው ጣውላ ሠርቷት፣ ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ መጣ። ለዳኛውስ ልሥራለት ወይ አለኝ። ለእሳቸው መንግሥት ሠርቶላቸዋል አልኩት። በማግስቱ በጠበቃችን ረጅም ወንበር ሞከርናት። ልጅቷ እግሯን በርጩማዋ ላይ አሳርፋ አሥራ ሦስቱን ጥያቄ አንድ በአንድ መለሰች፤ ዘጠነኛውንም። አሥራ አራተኛው የምትጨምሪው ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። «ሲያልቅ በርጩማዋን ወደ ቤት ልወስዳት እችላለሁ?» አለች።

፭. አልቻለችም። በቀጠሮው ዕለት ጥበቃዎ በር ላይ ያዘን። የተከለከሉ ዕቃዎች የተዘረዘሩበትን መጽሐፍ ገልጦ በርጩማዋን በጦር መሣሪያ ፈለጋት፣ በእንስሳት ፈለጋት፣ በምግብ ፈለጋት፤ በመጨረሻ ከቤት ዕቃ ሥር አገኛት። ሰውየውን አልወቅሰውም። «እህቴ፣ እኔም ልጅ አለኝ፣ ይገባኛል፤ ግን ካሜራው ያየኛል» አለኝ በሹክሹክታ። ስንከራከር አርባ ደቂቃ ሄደ፣ ሰዓታችን አለፈ፣ ቀጠሮውም «በባለጉዳይዋ ወገን በተፈጠረ ችግር» ለስድስት ሳምንት ተላለፈ። በርጩማዋ ስትወረስ የተሰጠኝ ደረሰኝ «አንድ እንጨት፣ ባለቤቱ ያልቀረበ» ይላል። ይህ ሲጻፍ እኔ እንጨቱን በአንድ እጄ፣ ልጅቷን በሌላው ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር፤ አክስቷም ከኋላችን። አልተቀየምኩም። ልጅቷም አክስቷ ደጃፍዎ ላይ ቆማ እያለች ነው ብቻዋን የመጣች ተብላ የተመዘገበችው።

፮. ይህን ስድስተኛውን ምስጋና ከልቤ ነው የማቀርበው። በአሥራ ሰባት ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ ቀጠሮ ስላስተላለፉልን አመሰግናለሁ። አንዴ አስተርጓሚ አልመጣም፤ አንዴ መጣና የሌላ ቋንቋ ሆኖ ተገኘ፤ አንዴ ማኅተም ያዡ የመሳቢያውን ቁልፍ ይዞ ፈቃድ ወጣ። እያንዳንዱ ማስተላለፍ ደግሞ መጥሪያ፣ የመጥሪያው መልስ፣ የመልሱ ግልባጭና ግልባጩ መድረሱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ወልዷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በአንድ ቀጭን ክላሰር የጀመርነው ፋይል ዛሬ አራት ወፍራም ቅጽ ሆኗል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚል ተረትም አለ፤ እኔ ከተረቱ ውስጥ ወረቀቱን ብቻ እንደወሰድኩ ይታወቅልኝ።

በርጩማዬ ከተወረሰች ወዲህ የችሎቱን ደንብ ስልሳ አንድ ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ። አንቀጽ ሃያ ሁለት «ባለጉዳይ የጉዳዩን ሙሉ ሰነድ በችሎት ውስጥ ከአጠገቡ የማኖር መብት አለው፤ ይህን መብት ማንም ሊከለክለው አይችልም» ይላል። በጠረጴዛ ላይ ይሁን በወለል አይልም። ስለዚህ አራቱን ቅጾች ደራርቤ በሲባጎ ግጥም አድርጌ አሰርኳቸው፤ ለካኋቸውም። አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት ተኩል ሆኑ። የልጅቷን እግር ከወለሉ ጋር ለማገናኘት የጎደለው ግማሽ ጣት ብቻ ነው። እሾህን በእሾህ ነውና፣ ያንን ግማሽ ጣት ይህ ደብዳቤ ከነአባሪዎቹና ከነአሥራ ሁለት ግልባጮቹ ይሞላዋል። ደብዳቤዬ ለምን እንደረዘመ አሁን ሳይገባዎ አይቀርም።

እንግዲህ ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ልጅቷ እግሯን በፋይሏ ላይ አሳርፋ ትቀመጣለች። ሰነድ ነው፤ የቤት ዕቃ አይደለም። ጥበቃዎ ሊወርሰው ቢፈልግ በአንቀጽ ሃያ ሁለት አጠገብ ጣቴን አድርጌ እጠብቀዋለሁ። ፈቃዴን ለመሰረዝ ቢወስኑም ውሳኔዎን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ እሱንም ከላይ አክልበታለሁ። እኔ ከበር ብመለስ ጠበቃችን ትይዘዋለች፤ እሷ ብትመለስ አክስቷ ትይዘዋለች። አሥራ ሰባት ወር አንሶላ ስትጠመዝዝ የኖረች ሴት አራት ቅጽ አይከብዳትም።

ረጅም ዕድሜ፣ ጽኑ ጤናና የማይጮኽ ወንበር እየተመኘሁልዎ፣ ከቢጫው መስመር ወዲህ ቆሜ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ጥበቃዎችዎ «ባለበርጩማዋ» የሚሉኝ
የሕግ ረዳት

ግልባጭ፦
ለሚመለከታቸው አሥር መሥሪያ ቤቶች፤
ስለ ጣውላው በየቀኑ ለሚጠይቀኝ አባቴ፤
ለልጅቷ፣ አድጋ ስታነበው።

ማስታወሻ፦ በፋይሉ ላይ የጫማዋ አሻራ ቢያርፍ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በአራቱ ቅጾች ውስጥ ሠላሳ አንድ ፊርማና ሃምሳ ስምንት ማኅተም ቆጥሬያለሁ፤ አንዲት የእሷ ቃል ግን አላገኘሁም። ስለዚህ ያ አሻራ በራሷ ፋይል ላይ የመጀመሪያዋ የእሷ ምልክት ይሆናል። ሁለተኛው አፏን ስትከፍት ይመጣልና፣ ለጸሐፊዎ በቂ ወረቀት እንዲይዝ ይንገሩልኝ። ቀኑንም ይለውጥ።