ክንፍ በብርቱካን

ቦንጋ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዝማሬ፣

የቤይሩት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ዝናቡ ፋታ ነስቶናል፤ ቦንጋ ጭጋግ ለብሳ ነው የምትውለው። ሩሀማ እረፍቷን ጨርሳ ነገ ወደዚያው ስለምትመለስ ይህን በእጇ ሰደድኩልሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። ስትደውዪ እየሳቀች የምታወራሽ ትራስ ተደግፋ ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ከግንቦት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሏታል። ጅማ ወሰድኳት። ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «አባቴ፣ ቤቷ ይውሰዷትና ያማራትን ይስጧት» አለኝ። ይህንኑ ሰምቼ ይዣት ተመለስኩ።

ቤት ከገባን በኋላ፣ «የሻረግ፣ ምን አማረሽ?» ብላት፣ «ያ ዝማሬ የሠራችው የዶሮ ክንፍ» አለችኝ። ገረመኝ። ለእረፍት መጥተሽ ክንፉን በብርቱካን ስትሠሪላት፣ «ይሄ ዶሮ ነው ወይስ ከረሜላ?» ብላ ሳህኑን የገፋችው እሷው አይደለችም?

ዛሬ ጠዋት ገበያ ወጥቼ ሁለት ዶሮ ገዛሁ፤ እዚህ ክንፍ ለብቻው የሚሸጥ የለ። እኔ አረድኩ፣ ጎረቤታችን ሠናይት በለተችልኝ። «ጋሽ ፍቃዱ፣ እኔ ወጡን ልሥራልዎ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። ምድጃ አጠገብ ቆሜ የማላውቀው ሰውዬ ክንፉን በሎሚና በጨው አጠብኩ፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በብርቱካን ጭማቂ ዘፍዝፌ አቆየሁት። ጠብሼ ማር ጨመርኩበት፣ የብርቱካኑንም ልጣጭ ፍቄ ነሰነስኩበት።

እናትሽ አንዱን ክንፍ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች ጋጠችው። ደስታዬን ብታዪ!

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ቁርጥ የልጄን እጅ። ይጣፍጣል።»

ወጥ ቤት ተመልሼ የተረፈውን ቀመስኩት። ልጣጩን ስፍቅ ነጩ ድረስ ገብቼ ኖሯል፣ እንደ ኮሶ ይመራል። ውሃ ይዤላት ስገባ የበላችውን ሁሉ አስመልሳ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ለልጅቱ ደህና በላች ብለህ ጻፍላት። ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

እንግዲህ እናትሽ ደህና በልታለች። ሠናይትም ሰላም ብላሻለች። እኔ ደህና ነኝ፣ ለእኔ አታስቢ። በሰው አገር እጅሽን ከእሳት፣ ልብሽን ከሐዘን ይጠብቅልኝ፤ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ።

ማዳምሽ ለገና ፈቃድ እሰጥሻለሁ እንዳለችሽ ነግረሽን ነበር። ደግ ሴት ናት፣ እግዜር ይስጣት። ግን ዝማሬዬ፣ ገና ሩቅ ነው።

አባትሽ ፍቃዱ